መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ኮዱ
(በሰፈራችን የክረምት የኮዲንግ ትምህርት መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለኝም። «ራሱ ሥራ ያላገኘ ልጆቻችንን ምን ሊያስተምር ነው?» ያሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ ጥያቄው ልክ ነው። መልሱን ዛሬ ልስጥ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ የሚያስይዝ አፕ ነበር። ኤ አገኘሁበት። ቤት ገብቼ ለእናቴ ልጭንላት ስል፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው! አራት ዓመት ተምሬ የገዛ እናቴ የምትይዘውን ስልክ አላሰብኩም። ኮዱ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ሳልጠይቅ መጀመሬ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ሳምንት ልጆቹን ኮምፒውተር አላስነካኋቸውም። ደብተር አስይዤ ወደ ቦኖው ላክኋቸው። «ውሃ የለም» የሚል መልስ ነበር የጠበቁት። አንዲት እናት ግን «ውሃውስ በፈረቃ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ነው ጀሪካን ደርድረን ቀኑን የምንጨርሰው» አሏቸው። ችግሩ ለካ ወሬው ቀድሞ አለመድረሱ ነው!

ከዚያ በአፕ ኢንቬንተር ሠሩ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው፣ አሁን በኤምአይቲ እጅ ያለ ነፃ መሣሪያ ነው፤ ኮዱን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ይሠሩበታል። አፑ የተጫነው በቦኖው ጠባቂ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ውሃ ሲለቀቅ አንዴ ይነካዋል፤ ለተመዘገቡት 43 ቤቶች አጭር መልእክት ይሄዳል። ሒሳቡን ቤቶቹ በወር ያዋጣሉ። ጠባቂው በሌለበት ቀን ማን ይንካው? እሱን ገና አልፈታነውም።

ብዙ ሰው ጋ የሚደርስ አገልግሎት እንዲህ ነው። የገበሬው 8028 በማንኛውም ስልክ ተደውሎ የግብርና ምክር ይሰማበታል። ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል።

ተማሪዎቼ፣ ሰርተፊኬቱን ስቀሉት፤ ደብተሩን ግን አትጣሉት።

እንደኔ ቤት የተቀመጣችሁ ተመራቂዎች፣ ዘንድሮ 9 ልጆች በ3 ላፕቶፕ ነው የተማሩት። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን፣ ኢንተርኔት ያለው ኢንተርኔቱን፣ ምንም የሌለው ጊዜውን ይዞ ይምጣ። ወገኔን እወዳለሁ የሚል ወጣት መጀመሪያ ወገኑን ምን እንደቸገረው ይጠይቅ።