በደረት ላይ የተሰፋ ፊደል



አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን «ቀዩ ፊደል» የተባለውን ልብ ወለድ በ1850 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ ሔስተር ፕሪን ከትዳሯ ውጭ ስለ ወለደች፣ በእንግሊዝኛ የአመንዝራነት መነሻ የሆነውን «ኤ»ን በደረቷ እንድታደርግ የቦስቶን ዳኞች ፈረዱባት። እርስዋም ፊደሉን በወርቅ ክር ጠልፋ በአደባባይ ተሸከመችው። የበደሏ ተካፋይ ቄስ ዲምስዴል ግን በስብከቱ እየተከበረ ኃጢአቱን ሰወረ። ከዓመታት በኋላ ቸርነቷን ያዩ ሰዎች ያንኑ ፊደል የችሎታ ምልክት አደረጉት፤ ቄሱን ግን በአደባባይ ተናዞ እስኪሞት ድረስ ጸጸት አመነመነው።

ከደራሲው ቅድመ አያቶች አንዱ፣ ጆን ሀቶርን፣ በ1692 እ.ኤ.አ. በሴለም በጥንቆላ የተከሰሱትን የመረመረ ዳኛ ነበር፤ ደራሲውም በዚህ ያፍር ነበር። እንግዲህ በባልንጀራችን ደረት ላይ ፊደል ከመስፋታችን አስቀድሞ የገዛ ልባችንን እንመርምር።