ከ80 ሜትር በረዶ ሥር የወጣው ተዋጊ
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1942 ስድስት ፒ-38 ተዋጊዎችና ሁለት ቢ-17 ቦምብ ጣዮች ወደ እንግሊዝ ሲጓዙ አየሩ ተበላሸባቸው። ነዳጅ ሊያልቅባቸው ሲል ግሪንላንድ በረዶ ላይ አረፉ። የመጀመሪያው ተዋጊ ጎማውን አውርዶ ቢያርፍ ተገለበጠ፤ የቀሩት ይህን አይተው በሆዳቸው ተንሸራተቱ። ሰዎቹ በሙሉ ተረፉ፣ አውሮፕላኖቹ እዚያው ቀሩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሊያወጧቸው የሄዱት ሰዎች በረዶውን ጠርገው፣ ነዳጅ ሞልተው የሚያስነሷቸው መስሏቸው ነበር! ለካ ከ80 ሜትር በላይ በረዶ ተጭኗቸዋል፤ ባለ 25 ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። በመዳብ ቱቦ ውስጥ ሙቅ ውሃ በሚዘዋወርበት መሣሪያ ሰው የሚያስገባ ጉድጓድ አቀለጡ። መጀመሪያ የደረሱበት ቦምብ ጣይ ተጨፍልቆ አገኙት። ኋላ ግን አንዱን ፒ-38 እታች በሙቅ ውሃ ዙሪያውን ከፍተው፣ ፈታትተው፣ በ1992 በቁርጥራጭ አወጡት። ስሙንም ‹ግሌሸር ገርል› አሉት።

እኔን ግን የሚገርመኝ ቁፋሮው አይደለም። ኬንታኪ፣ ሚድልስቦሮ ውስጥ ሲፈታ ጉዳቱ ከታሰበው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ጥገናው አሥር ዓመት ፈጀ። ኦክቶበር 26 ቀን 2002 በረረ። በጥገና ሙያ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል፦ የተጣመመው ቆርቆሮ ቢጣመምም የብሎኑ ቀዳዳ የት እንደነበር ይነግርሃል። የተበላሸው ዕቃ ራሱ ንድፍ ነው።

ይህን የተማርኩት እዚሁ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ወርክሾፕ ውስጥ የተሰበረ ማርሽ ገንዳ ውስጥ ጣልኩ። መምህሬ አስወጡኝና «ጥርሱን ከምን ላይ ልትቆጥር ነው?» አሉኝ። እጄ በግሪስ ተጨማልቆ ስቆጥር ዋልኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። (ከሳቁት ሁለቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።)

አሁን ከወርክሾፑ ጀርባ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ለቁራሌው ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁ። ቦታ እንደጠበባችሁ ይገባኛል። ግን ከመሸጣቸው በፊት አንድ ሴሚስተር ብቻ ለተማሪዎቹ ስጧቸው፤ ይፍቱ፣ ይለኩ፣ ንድፉን ይሳሉ። መፍቻውን እኔ አመጣለሁ።