ሳይጫወቱ ስለ መፍረድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ በሥነ ጽሑፍና ክርክር ክበብ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ይህን ስል ከኋላ የተቀመጡት ታናናሾቼ ፈገግ ሲሉ፥ ከፊት ያሉት አባቶችና እናቶች ደግሞ ግንባራቸውን ሲቋጥሩ ይታየኛል። በበዓል ሳምንት ስለ ጨዋታ መናገር ምን ይሉታል የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን የቆምሁት ጨዋታውን ለማመስገን አይደለም፤ ስለ ጨዋታው የተሰጡትን ፍርዶች ለመመርመር ነው። ከነዚያም ፍርዶች አንዱን ዐምና በዚሁ አዳራሽ የሰጠሁት እኔው ስለ ሆንሁ፥ የማስተካከለው ነገር አለኝ።

ጨዋታው «ዴድ ሴልስ» ይባላል፤ የሞቱ ሕዋሳት ማለት ነው። የሠራው በፈረንሳይ አገር በቦርዶ የሚገኝ «ሞሽን ትዊን» የሚባል አነስተኛ ማኅበር ነው። ሥራው ገና ሳያልቅ በሜይ 2017 ለገዢዎች ቀረበ፤ ተጠናቆ የወጣው ኦገስት 7 ቀን 2018 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዚያው ዓመት መጨረሻ «ዘ ጌም አዋርድስ» በሚባለው የሽልማት በዓል ከድርጊት ጨዋታዎች ሁሉ ብልጫ አግኝቶ ተሸለመ።

ላላዩት ላስረዳ። ተጫዋቹ ጭንቅላት የሌለው ሬሳ ሆኖ በእስር ቤት ውስጥ ይነሣል። የሚታየው ሁሉ በግድግዳ ላይ እንደ ተሳለ ሥዕል ነው፤ ግራና ቀኝ፥ ላይና ታች እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ጥልቀት የለውም። ተጫዋቹ ሰይፍ፥ ቀስት፥ ጋሻ፥ ወጥመድ እያነሣ፥ ጠላቱን እየገደለ ከስፍራ ወደ ስፍራ ያልፋል፤ ከሚገድላቸውም ሕዋሳት ይሰበስባል። በሞተ ጊዜ የያዘው መሣሪያና ያላስረከበው ሕዋስ ይጠፋበታል፤ እንደ ገናም ከመጀመሪያው እስር ቤት ይነሣል። ሲመለስ መንገዱ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይጠብቀውም፤ ክፍሎቹ በሌላ አኳኋን ተደርድረው ያገኛቸዋል። ነገር ግን በየስፍራው መካከል ለቆመው ሰብሳቢ አስቀድሞ ያስረከበው ሕዋስ ከንቱ አይሆንም፤ በርሱ አዳዲስ መሣሪያ ይከፈትለታል፤ ለሚቀጥለውም ሕይወቱ ይተርፈዋል።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ «ሮግላይት» ይባላል። ስሙ የመጣው በ1980 ከወጣው «ሮግ» ከተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በሮግ ጊዜ ሞት ማለት ሞት ነበረ፤ ለሚቀጥለው የሚተርፍ ነገር የለም። በ2008 የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሠሪዎች በርሊን ተሰብስበው የሮግን ባሕርይ በዝርዝር አስፍረዋል፤ መንገዱ በዕጣ መደርደሩና ሞቱ መመለሻ የሌለው መሆኑ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። «ሮግላይት» ያሉት ከዚያ ወዲህ የመጡትን፥ ሕጉን ያላሉትን ነው። ስለዚህ በዴድ ሴልስ ላይ ከሚነሡት አስተያየቶች አንዱ ገና ከስሙ ይጀምራል። ከሞት በኋላ የሚተርፍ ጥቅም ካለ፥ ድሉ የተጫዋቹ ችሎታ ነው ወይስ የተጠራቀመ ሀብት? ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ የሚከራከሩበት ስለ ስሙ እንጂ ስለ ነገሩ ስላልሆነ፥ እኔ ብዙ አልቆይበትም።

ሌሎቹ አስተያየቶች እንዲህ ናቸው። የሚያመሰግኑት ስለ ውጊያው ፍጥነትና ስለ እጅ መታዘዝ ይናገራሉ፤ ጣት ሲነካ ሰውየው ወዲያው ይዘላል፥ ይንከባለላል፥ ይመታል። ሥዕሉንም ያደንቃሉ። የሚነቅፉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች በመደጋገም ያሰለቻሉ፥ ታሪኩ ስስ ነው፥ መልካም መሣሪያ ማግኘትም ዕድል ነው ይላሉ። ማኅበሩን ወደው ጨዋታውን ያመሰገኑም አሉ፤ በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ ሁሉ እኩል ደመወዝና እኩል ድምፅ ስለ ነበራቸው ወሬው ጋዜጠኞችን ማርኮ ነበር። ደግ ሠራተኛ ያበሰለው ወጥ ጨው ሊያንሰው እንደሚችል የረሱ ይመስለኛል።

ዐምና በክበባችን «የዘመናችን ጥበብ» በሚል ርእስ እንድናገር ተራ ሲደርሰኝ፥ ስለዚህ ጨዋታ ተናገርሁ። ጨዋታውን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ሌሎች ሲጫወቱ የሚያሳዩ ፊልሞችን በዩቱብ አይቼ፥ የሁለት ሦስት ሐያስያንን ጽሑፍ አንብቤ፥ ቃላቸውን ወደ አማርኛ መልሼ እንደ ራሴ አቀረብሁ። «ጨዋታው ውብ ነው፤ ነገር ግን ባለ ድል የሚሆነው ዕድለኛ ነው» አልሁ። ጭብጨባው ደስ ይል ነበር። በመጨረሻ ከሰባተኛ ክፍል የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፥ የጊዜ ጠባቂዋን በምን አሸነፍሃት?» ብሎ ጠየቀኝ። የጊዜ ጠባቂዋ በሰዓቱ ግንብ መጨረሻ የምትቆም ብርቱ ተዋጊ ናት። እኔም ሳላመነታ «በጋሻ» አልሁት። ልጁም በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ያ መጻፉ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። መምህር ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት አልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው ሳነብ ከአንድ ታሪክ ላይ ደረስሁ። ጨዋታው በወጣበት በኦገስት 2018፥ «አይ ጂ ኤን» የተባለው ታላቅ የጨዋታ መጽሔት በኢንተርኔት ገጹ ላይ ብዙ ምስጋና ያለበት ግምገማ አወጣ። ወዲያው አንድ የዩቱብ ተናጋሪ ተነሥቶ፥ የእኔን ግምገማ ገልብጣችኋል አለ። እርሱ ብዙ ተከታይ ያልነበረው ሰው ነው፤ ግምገማውን ያወጣው ግን ከመጽሔቱ ቀድሞ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ባሳየ ጊዜ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና አነጋገሩ ተመሳሰለ። መጽሔቱ መርምሮ ግምገማውን አነሣ፤ አንባቢዎቹንም፥ የጨዋታውን ሠሪዎችም፥ ያንንም ሰው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጸሐፊውንም ከሥራ አሰናበተ። የጸሐፊው ሌሎች ጽሑፎችም ለምርመራ ተነሡ። ጨዋታውን ሌላ ሰው እንደ ገና ገመገመው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የነካኝ ስርቆቱ ብቻ አይደለም። አዲሱ ገምጋሚም ጨዋታውን እጅግ አመስግኖታል። እንግዲህ የተሰረቀው ፍርድ ውሸት አልነበረም ማለት ነው! የተነገረው እውነት ሆኖ ሳለ የተናጋሪው አልነበረም። እኔም ከተናገርሁት ውስጥ አብዛኛው ትክክል ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር፤ ያን ካነበብሁ በኋላ መጽናኛዬ ተወሰደብኝ። አንድ ሰው ስለ ሐሳቡ ሲጠየቅ ተመልሶ የሚያየው የራሱ ነገር ከሌለው፥ መልሱን ከወዴት ያመጣል? ከዚያ የመጣ መልስ ነው የእኔ «በጋሻ»።

ስለዚህ ጨዋታውን በእጄ ለማየት ቆረጥሁ። ይህ ጨዋታ ከ2020 ጀምሮ በአንድሮይድ ስልክም ይገኛል፤ የአጎቴ ልጅ በስልኩ ላይ ስለ ነበረው፥ በክረምቱ ዕረፍት ማታ ማታ አዋሰኝ። አክስቴ «ይህ ልጅ ፈተና አለበት አላላችሁም ወይ?» ስትል ሰምቻለሁ፤ እውነት አላት።

በመጀመሪያዎቹ ማታዎች ሞቴን ሁሉ በዕድል አሳበብሁ። ደካማ ቀስት ደረሰኝ፥ መጥፎ ክፍል ገጠመኝ እል ነበር። ያጠናሁት ፍርድ ዝግጁ ስለ ነበረ ለሞቴ ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የአጎቴ ልጅ የምሞትበትን ስፍራ በወረቀት ላይ ምልክት ያደርግ ጀመር። ወረቀቱን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። መሣሪያው በየጊዜው ይለያያል፤ መንገዱም ይለያያል፤ እኔ ግን የምሞተው በአንድ ዓይነት ጠላት ነበር፤ ያውም በመጀመሪያው እስር ቤት በሚዘለው ተራ በድን። ጠላት ከመምታቱ በፊት ከራሱ በላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብልጭ ይላል። ያን ምልክት እየጠበቀ የሚንከባለል ሰው በደካማ ቀስትም ቢሆን ያልፋል። እኔ ምልክቱን በፊልም መቶ ጊዜ አይቼው ነበር። በፊልም ሲያዩት ግን ጌጥ ይመስላል እንጂ ማስጠንቀቂያ መሆኑ አይታወቅም።

እንግዲህ ዐምና «ባለ ድል የሚሆነው ዕድለኛ ነው» ያልሁትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዕድል የለም አልልም፤ ከቀይ፥ ከሐምራዊና ከአረንጓዴ ሦስት ዓይነት ኀይሎች አንዱን እያሳደጉ ሲሄዱ ለሌላው ቀለም የሚሆን መሣሪያ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ያናድዳል። ነገር ግን ዕድሉ የሚፈርደው ጥቂት ሲቀር እንጂ ገና ከደጃፉ አይደለም።

ነቀፌታም አለኝ፤ ይህ እንኳ የራሴ ነው። ጨዋታው በሁለት አፍ ይናገራል። በአንድ በኩል ጓዳውን ሁሉ ፈትሽ፥ የተሸሸገውን ፈልግ ይላል፤ በሌላ በኩል ፈጥኖ ለደረሰ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉት፤ ዘግይቶ የደረሰ ተቆልፈው ያገኛቸዋል። ቀስ ብሎ የሚማር ሰው በእነዚያ በሮች ፊት ሲደርስ እንደ ተገሠጸ ይቆጥረዋል። ሁለተኛም፥ የመጨረሻውን አለቃ ላሸነፈ ሰው ሽልማቱ ጨዋታውን ይበልጥ የሚያከብድ ሕዋስ ነው፤ እንዲህ ያለው እስከ አምስት ይደርሳል፤ ፍጹሙ ፍጻሜ የሚታየው አምስቱን ላገኘ ነው። የአጎቴ ልጅ ሁለት አለው። እኔ አንድም የለኝም፤ ስለዚህ ስለዚያ ክፍል የምለው የሰው ወሬ ነውና እተወዋለሁ።

ስለ ታሪኩ ስስነት የተባለውንም ልቀበል አልቻልሁም፤ ልክድም አልቻልሁም። ታሪኩ በየክፍሉ በተጣሉ ወረቀቶችና ሬሳዎች ላይ ቁራሽ ቁራሽ ሆኖ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል። እየሮጥሁ ስለ ነበረ ግማሹን ሳላነብ አልፌዋለሁ።

አሁን ያ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አየዋለሁ። ወንድሜ ሆይ፥ ዐምና በደብተርህ ላይ የጻፍኸውን ሰርዘው። ከጊዜ ጠባቂዋ ፊት ሦስት ጊዜ ደርሻለሁ፤ ሦስት ጊዜም ገድላኛለች። ሁለቱን ጊዜ የያዝሁት ቀስትና ሰይፍ ነበር፤ በሦስተኛው ሁለት ወጥመድ ነበረኝ፤ እርሱ ትንሽ አቆየኝ። ጋሻ ይዤ ገብቼ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ለፋሲካ እንደሚያውሰኝ ተስፋ ሰጥቶኛል፤ ያን ጊዜ በጋሻ ሞክሬ እነግርሃለሁ።