«ይቆዩ» የተባሉት በሽተኛ
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ሕክምና አንድ ነገር እንድናገር ማኅበሩ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ወባ ለመናገር አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በዚሁ ግቢ ሕግ የሚማር አንድ ጓደኛዬ ነው። ፈቃዱን ስለ ሰጠኝ ታሪኩን እናገራለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም። አባቱ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሲዘጋጁ በተወሰደው ደም ውስጥ ነጩ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ። ምርመራው ቀጠለ፤ በመጨረሻም ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጠርቶ በሽታው ከደም ካንሰር ዓይነቶች አንዱ መሆኑን፥ ለጊዜው ግን መድኃኒት እንደማያስፈልጋቸውና ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲታዩ ነገራቸው።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሆነውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። «ካንሰር ነው፥ መድኃኒት የለውም» የሚለው ቃል ከአክስት ወደ አጎት ተላለፈ። ሐኪሙ «አሁን አያስፈልግም» ያለው «ተስፋ የለውም» ተብሎ ተተረጎመ። ዘመድ ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ፤ ቦታው ተሸጦ ወደ ውጭ አገር ይሂዱ የሚል ምክርም ተነሣ። ለራሳቸው ለበሽተኛው ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም የጠያቂውን ብዛትና የሰዉን ፊት አይተው ነገሩ ስለ ገባቸው፥ አንድ ቀን ምሳ ላይ «እኔ ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጣችሁ እኮ!» አሏቸው።

ጓደኛዬም ወደ እኔ መጥቶ፥ «ሐኪም ካንሰር አግኝቶ እንዴት ዝም ብሎ ያሰናብታል? ደግሞስ በሽታው ቶሎ እንደማይብስ በምን ያውቃል? ጠንቋይ ነውን?» አለኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ያን ቀን ያልመለስሁትም ተጨምሮበታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በሽታው ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ይባላል። ሊምፎሳይት ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ወገን ነው፤ ከእነርሱም መካከል «ቢ» የሚባሉት ሥራቸው ተሕዋስያንን የሚዋጋውን አንቲቦዲ መሥራት ነው። ከነዚህ አንዲቱ ሕዋስ ትበላሽና፥ መሞት በሚገባት ጊዜ ሳትሞት ትራባለች። ዘሮቿም በደም፥ በመቅኒ፥ በጣፊያ፥ ባበጠም ጊዜ ሕዝባችን ንፍፊት በሚለው ዕጢ ውስጥ ይከማቻሉ። በደም ውስጥ ሳይበዙ በዕጢ ውስጥ ሲከማቹ ያው በሽታ ከሊምፎማዎች ወገን ይቈጠራል፤ ስሙ በማደሪያው ይለያይ እንጂ በሽታው አንድ ነው።

ሐኪሞችን ብዙ ዘመን ያስቸገራቸው የጉዞው መለያየት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ይህ በሽታ አለባችሁ ቢባሉ፥ አንደኛው ሃያ ዓመት ያህል ምንም መድኃኒት ሳይወስድ ይኖርና በሌላ ምክንያት ይሞታል፤ ሁለተኛው ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይደክማል። ከበሽተኞቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሕክምና የማያስፈልጋቸው ናቸው። የሁለቱንም ሰዎች ደም በማይክሮስኮፕ ብታዩት ያው ትንሽ፥ ክብ፥ ጥቁር ሕዋስ ነው።

መጀመሪያ የተገኘው መለያ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። በ1975 አሜሪካዊው ሐኪም ካንቲ ራይና ባልደረቦቹ በሽታውን በአምስት ደረጃ ከፈሉት። በደም ውስጥ ሊምፎሳይት መብዛቱ ብቻ ከታየ ዜሮ፤ ዕጢ ካበጠ አንድ፤ ጣፊያ ወይም ጉበት ካበጠ ሁለት፤ የደም ማነስ ከመጣ ሦስት፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ከመቶ ሺሕ በታች ከወረደ አራት ነው። በ1981 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ቢኔ ይህንኑ ወደ ሦስት ፊደል አሳጠረው። ልብ በሉ፤ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅና አንድ የደም ቈጠራ ነው። ሁለቱም አከፋፈሎች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ነገር ግን ደረጃ የሚናገረው በሽታው የት እንደ ደረሰ ነው። አንድ መኪና ደብረ ብርሃን ደርሷል ብለው በስልክ ቢነግሩን፥ ዛሬ ጧት ከአዲስ አበባ የተነሣ ይሁን ወይም ሦስት ቀን ሲያዘግም የከረመ፥ ከዚህ ቃል አናውቅም። ለማወቅ ከፈለግን ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ቦታ ልናየው ይገባል። ለዚህም ነው ሐኪሞች የሊምፎሳይቱ ቍጥር እጥፍ እስኪሆን የሚፈጀውን ጊዜ የሚቈጥሩት። ከዓመት ባነሰ ጊዜ የሚያጥፍ ከሆነ በሽታው ፈጣን ነው፤ ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ ቀርፋፋ ነው። ይህ ምልክት የሚጠይቀው ዋጋ ትዕግሥትና በደንብ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1999 አንድ የደም ሕክምና መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጥናቶችን አወጣ፤ አንደኛው ከእንግሊዝ አገር ከቴሪ ሃምብሊን ወገን፥ ሁለተኛው ከኒው ዮርክ ከኒኮላስ ኪዮራዚ ወገን። ያዩት እንዲህ ነው። አንድ ጤነኛ ቢ ሕዋስ ከጠላቱ ጋር በተገናኘ ጊዜ አንቲቦዲውን ለማሻሻል ሲል የዚያን አንቲቦዲ የጂን ፊደሎች ይለዋውጣል፤ ተማሪ ረቂቁን እንደሚያርም ማለት ነው። እንግዲህ ካንሰሩ የተነሣው ይህን እርማት ካለፈ ሕዋስ ከሆነ በሽታው ዘገምተኛ ይሆናል፤ ካልታረመ ሕዋስ ከሆነ ፈጣን ይሆናል። ወሰኑም ሁለት ከመቶ ነው፤ ጂኑ ከተወለደበት መልክ ሁለት ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ የታረመ ይባላል። በሃምብሊን ጥናት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ካሉት በሽተኞች መካከል የታረመው ጂን ያላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖሩ፥ ያልታረመው ያላቸው ስምንት ዓመት ያህል ኖረዋል። ያስታውሱ ዘንድ እለምናለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ደረጃ ነበሩ!

በዚህ ላይ አንድ የቃል ጣጣ አለ። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ጂኑ የተለወጠ ነው» የሚል ነው። ለውጥ የሚለውን ቃል ከካንሰር ጋር የሰማ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ በዚህ በሽታ ግን መልካሙ ወሬ ይኸው ነው። ውጤት ለበሽተኛ በወረቀት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ደግ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ምልክት ፍለጋው እንደ ወርቅ ፍለጋ ሆነ። ዛፕ ሰባ የሚባል ፕሮቲን በ2003 ብዙ ተስፋ ተጣለበት፤ የጂኑን ምርመራ በርካሽ ይተካል ተብሎ ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ላቦራቶሪ «አለ» ያለውን ሌላው «የለም» እያለ ስለ ተቸገሩ እየተተወ ሄደ። ሁለት ሰዎች ለክተው የማይስማሙበት መለኪያ መለኪያ አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ምልክት የታወቀው በ2000 ነው። ጀርመናዊው ሃርትሙት ዶነርና ባልደረቦቹ የ325 በሽተኞችን ክሮሞሶም መርምረው ውጤቱን አወጡ። ከአሥራ ሦስተኛው ክሮሞሶም ላይ ቍራጭ ብቻ የጐደላቸው መካከለኛ ዕድሜያቸው 133 ወር ሆነ፤ ከአሥራ ሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ አጭሩ ክንድ የጐደላቸው ግን 32 ወር። ምክንያቱም አለው። በዚያ ክንድ ላይ ፒ 53 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ይገኛል። የዚህ ፕሮቲን ሥራ ዘሯ የተጐዳባትን ሕዋስ «ሙቺ» ብሎ ማዘዝ ነው። የቀድሞዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ደግሞ የሚገድሉት የሕዋሱን ዘር በመጉዳት ነው። አዛዡ ከሌለ ጉዳቱ ይደርሳል፤ ሕዋሱ ግን አይሞትም። በሽተኛው የመድኃኒቱን መከራ ይቀበላል፤ ጥቅሙን ግን ብዙም አያገኝም።

ስለ «መካከለኛ» ቍጥር አንድ ቃል ልጨምር፤ እዚህ የተቀመጡት የሂሳብ ተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ። 32 ወር ማለት ከበሽተኞቹ ግማሹ ከዚያ በታች፥ ግማሹ ከዚያ በላይ ኖሩ ማለት ነው። የፈተና ውጤት ሲለጠፍ የክፍሉን መካከለኛ ነጥብ አይቶ የራሱን ነጥብ ያወቀ ተማሪ የለም። እንደዚሁም ቍጥሩ የብዙ ሰዎችን ነገር ይናገራል እንጂ የአቶ እገሌን የሞት ቀን አይናገርም። በ2016 የዓለም ተመራማሪዎች አምስት ምልክቶችን ደምረው ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አወጡ፤ እነርሱም የፒ 53 ጂን፥ የአንቲቦዲው ጂን መታረም፥ ቤታ ሁለት ማይክሮግሎቡሊን የሚባል በደም የሚለካ ፕሮቲን፥ የበሽታው ደረጃና ዕድሜ ናቸው። ከሁሉ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት 93 ከመቶ ያህሉ አምስት ዓመት ሲያልፉ፥ ከሁሉ ከፍተኛውን ካገኙት 23 ከመቶ ብቻ አለፉ። አስፈሪ ነው። ነገር ግን 23 ከመቶዎቹም ሰዎች ናቸው፤ አስቀድሞ እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልብ እደርሳለሁ። እነዚህ ቍጥሮች የተሰበሰቡት አብዛኛዎቹ በሽተኞች የቀድሞውን መድኃኒት ይወስዱ በነበረበት ዘመን ነው። በ2014 ኢብሩቲኒብ የሚባለው ክኒን ለዚህ በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የሕዋሱን ዘር አይጐዳም፤ ከሕዋሱ ቆዳ ወደ ውስጥ «ኑር፥ ተራባ» እያለ የሚያልፈውን መልእክት ይዘጋል። ስለዚህ የፒ 53ን ትእዛዝ ብዙ አይጠብቅም። ያልታረመ ጂን ያላቸው በሽተኞች በዚህ መድኃኒት ከታረመው እኩል ለመሆን ምንም ያህል አልቀራቸውም፤ ፒ 53 የጐደላቸውም፥ ዛሬም ከሌሎቹ ቢያንሱ፥ እንደ 2000ው ዘመን አይደሉም። የቀድሞው የሦስት መድኃኒት ሕክምና ደግሞ በሂውስተን በ2016 እንደ ተገለጸው፥ የታረመ ጂን ካላቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡትን በሽታው ሳይመለስባቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አቆይቷል፤ ካልታረመው ግን ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ ምልክት ስለ በሽታው ብቻ የሚናገር መስሎን ነበር፤ ለካ ስለ መድኃኒቱም ነው የሚናገረው። ጓደኛዬ «ጠንቋይ ነውን?» ላለው መልሴ ይህ ነው። ጠንቋይ የሚመጣውን ተናግሮ ይሄዳል፤ ሐኪም ግን ምልክቱን የሚያየው የትኛውን መድኃኒት እንደሚተውና የትኛውን እንደሚሰጥ ለመምረጥ ነው።

«ታዲያ መጥፎ ምልክት ያለበት ሰው ቶሎ ቢጀምርስ?» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። በ1998 የፈረንሳይ ሐኪሞች በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ የሚበልጡ በሽተኞችን በሁለት ጥናት ከፍለው፥ ለአንዳንዱ ክሎራምቡሲል የሚባለውን ክኒን ወዲያው ሰጡ፤ ሌላውን አቆዩ። ወዲያው የጀመሩት በዕድሜ አልበለጡም። በጀርመን ደግሞ ከባድ ምልክት ላለባቸው፥ ሕመም ግን ላልተሰማቸው ሰዎች ኢብሩቲኒብ ቀድሞ ተሰጠ፤ በ2023 በቀረበው ውጤት መድኃኒቱ የበሽታውን መባስ አዘገየ፥ ዕድሜን ግን አላስረዘመም። ስለዚህ «ይቆዩ» የሚለው ቃል ከብዙ ሰዎች ሕይወት የተገኘ ትእዛዝ ነው። የሚጀመረውም የደም ማነስ ሲመጣ፥ ዕጢው ሲከብድ፥ ክብደት ሲቀንስ፥ የሌሊት ላብና ትኩሳት ሲጸና፥ ወይም ቍጥሩ በስድስት ወር ውስጥ ሲያጥፍ ነው።

ስለ አገራችን ምን እንላለን? የጂን ምርመራው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ክኒኑም ውድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ኢብሩቲኒብን ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል፤ መዝገብ ላይ መጻፍና መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ሁለት ነገር ነው። የሕክምና ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ማሽኑ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ እፈራለሁ። ጣፊያን በእጅ መፈለግ የማያውቅ ሐኪም የጂን ወረቀት ቢሰጡት ምን ያደርግበታል? የራይና የቢኔ አከፋፈል ዛሬ፥ በዚህ አገር፥ በማንኛውም የደም ቈጠራ ባለበት ቦታ ይሠራል። ከእርሱ ጋር የሚያስፈልገው የትናንቱ ቈጠራ ነው። የእኛ በሽተኛ ግን የትናንቱን ወረቀት ጥሎት ይመጣል፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ሁለት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛው ለአባቱ ራሱ እንዲነግራቸው ነበር። ነገራቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ታዲያ ይህን ለመናገር ሁለት ወር ፈጀባችሁ?» አሉ። ሁለተኛው ቀድሞ የታዩበት የደም ወረቀት ካለ እንዲፈልግ ነበር። አባትየው አስተማሪ ናቸውና ወረቀት አይጥሉም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ሕመም የተቈጠረው ደማቸው ከቤቱ ካርታ ጋር በሣጥን ውስጥ ተገኘ። ያን ጊዜ ነጩ የደም ሕዋስ 18,000 ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ዘንድሮ 23,000 ነው።

ወረቀቱን ወደ ሐኪሙ ወሰዱለት። ቦታውም አልተሸጠም። የዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ባለፈው ወር ተደርጎላቸው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ለቀጠሯቸው ገና ሁለት ወር ይቀራቸዋል።

ጥያቄ ያለው ቢኖር እስከ እራት ደወል ድረስ እዚሁ አለሁ።