ከውጤቱ በፊት ያለው ንግግር፦ ወላጆችና የ12ኛ ክፍል ዓመት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓመት ነው፤ ልጅ 12ኛ ክፍል ከገባበት ቀን አንሥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባው እስከሚታወቅበት ቀን ድረስ ስላለው ጊዜ። ስለ ፈተናው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ትምህርት ጥራትም እንዲሁ። ስለ ተፈታኙ ቤት የተባለው ግን ጥቂት ነው። ሐሳቤን ከመነሻው በአጭሩ ላስቀምጠው። ወላጆቻችን በዚያ ዓመት ካላቸው ሁሉ ይሰጣሉ፤ ገንዘባቸውን፣ እንቅልፋቸውን፣ ጸሎታቸውን። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ልጁ ቢያልፍም ባያልፍም ምን እንደሚደረግ አብሮ መነጋገር ነው።

በብዙ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ማለት ልጅ ወደ ተለያዩ ተቋማት ደብዳቤ የሚጽፍበት፣ ወላጅም ጽሑፉን የሚያነብበት፣ ግቢዎችን አብሮ የሚጎበኝበት የወራት ሥራ ነው። እኛ ዘንድ መንገዱ ሌላ ነው። አንድ አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ከፈተናው ቀጥሎ ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል የሚመርጥበት ቅጽ አለ፤ ከቅጹ ቀጥሎ ምደባ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ለዚህ ለውጥ ያበቃው የኩረጃና የፈተና ስርቆት ታሪክ የሚታወስ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በግቢው አድሮ የሚፈተን ተማሪ ስልኩን ቤት ትቶ፣ ልብሱንና አንሶላውን ይዞ ይገባል፤ ወላጅ እስከ በሩ ይሸኘዋል። ከዚያ በኋላ ለቀናት አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ሁሉ ከዚያ በር በፊትና ከዚያ በር በኋላ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልለፍ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከነበሩት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ድርሻው በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. እንኳ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ12 ተፈታኞች 11 ያህሉ ማለፊያውን አላገኙም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሳያልፍ ሲቀር ምክንያቱን በአንድ ልጅ ስንፍና መፈለግ አይቻልም።

እዚህ ላይ በየቤቱ የምሰማውን አንድ ስሕተት ላንሣ። ቤተሰብ የሚመዝነው በሚያውቀው ሚዛን ነው። «ታላቅ ወንድምህ ገብቶ የለም እንዴ? አንተ ምን ጎደለህ?» ይባላል። ታላቅ ወንድም በተፈተነበት ዘመን የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ እንደ ተቋማቱ የመቀበል አቅም ይወሰን ነበር፤ ከግማሽ በታች አምጥተው የገቡም ነበሩ። ዛሬ መስፈርቱ 50 ከመቶ ነው። ያው ነጥብ በያኔው ዘመን የደስታ ድግስ ያስደግስ ነበር፤ ዛሬ ልቅሶ ያስቀምጣል። ልጁ ከወንድሙ አንሶ ላይሆን ይችላል፤ መለኪያው ግን ተለውጧል። ይህን ለወላጅ በግልጽ የነገረው ተቋም ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ይህ መለኪያ ለሁሉም አንድ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ አይደለም። ለዚህም ከራሳችን ክፍለ ከተማ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። የካ ከመገናኛ ግርግር፣ ከሾላ ገበያ፣ ከኮተቤ መንገድ ተነሥታ እስከ እንጦጦ ዳገት ትወጣለች። በአንድ በኩል የኤምባሲዎች ሰፊ ግቢና በየወሩ ዳጎስ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። በሌላ በኩል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ወጥተው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ያንን ጫካ በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት አስተክሎታል፤ ዛሬም የብዙ ቤት ምድጃና የብዙ ቤት ደመወዝ እርሱ ነው። የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ይፈተናሉ።

ለእንጨት ተሸካሚዋ እናት «ለልጅሽ ጸጥ ያለ የጥናት ክፍል አዘጋጂለት» ብሎ መምከር ስላቅ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። እርሷ የምትሰጠው ድጋፍ የሚለካው በሰዓት ነው። እናት ጫካ ስትሆን ውኃ የምትቀዳው፣ ታናናሾቿን የምታበላው፣ ምሽትም ወጥ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ተፈታኟ ሴት ልጅ ናት። በዚያ ቤት በቀን የሁለት ሰዓት ሥራ ከልጅቱ ላይ አንሥቶ ለወንድሟ ወይም ለአባቷ መስጠት፣ በሌላ ሰፈር ለማጠናከሪያ ትምህርት ከሚከፈለው ገንዘብ የማያንስ ስጦታ ነው። ጸጥታውን ከቤት ውጭ መፈለግም ይቻላል። ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ጥላ ሥር ማጥናት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከፈረንሳይ ሰፈር የሚርቅ አይደለም። ወላጅ የታክሲ ሳንቲም ሰጥቶ፣ የመመለሻ ሰዓት ተስማምቶ ልጁን ወደዚያ ሲልክ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ መዘጋጀቱን ጀምሯል ማለት ነው።

ያልተማረ ወላጅም ከዚህ ሥራ ውጪ አይደለም። ፊዚክስን ማስረዳት ባይችል «ዛሬ ያልገባህ የቱ ነው? ማንን ብትጠይቅ ይነግርሃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ «ዛሬ አጠናህ ወይስ አላጠናህም?» ከሚለው ይለያል። ሁለተኛው ቁጥጥር ነው፤ የመጀመሪያው ግን ልጁ አለማወቁን ያለ ኀፍረት የሚናገርበትን ቦታ ይከፍታል። አለማወቁን በቤቱ መናገር ያልቻለ ልጅ መውደቁንም በቤቱ መናገር አይችልም።

ይህም ወደ ዋናው ነጥቤ ያደርሰኛል። ስለ ሁለቱም ውጤቶች አስቀድሞ መነጋገር ለምን ከበደን? ከወላጆች ጋር ስነጋገር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሟርት ይሆናል»። ክፉን በአፍ መጥራት ክፉን መጋበዝ ነው የሚል እምነት አለን። ልጁ ሊፈተን ሲዘጋጅ «ባታልፍስ?» ማለት ተስፋውን መስበር ይመስለናል። ይህን ስጋት አቃልዬ አላልፈውም፤ ከፍቅር የመጣ ነውና።

ነገር ግን ራሳችንን እንመልከት። እድር የምንገባው ሞትን ተመኝተን አይደለም። በየወሩ እየከፈልን፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ገዝተን፣ ማን ቡና እንደሚያፈላ ማን መቃብር እንደሚያስቆፍር ሳይቀር ደልድለን እንኖራለን። ይህን ማንም ሟርት አይለውም፤ ብልኅነት ይለዋል። በግንቦት ጣራውን የሚያድስ ሰውም ጎርፍ ጠራ አይባልም። እንግዲህ ለሞትና ለክረምት የሚሆን ብልኅነት ያለው ሕዝብ፣ አብዛኞቹ ልጆቹ ለሚገጥማቸው ውጤት መዘጋጀትን ከሟርት ሊቆጥረው አይገባም።

ይህ ንግግር ምን ይይዛል? ሦስት ጉዳዮችን እጠቁማለሁ።

የመጀመሪያው ልጁ ካለፈ ያለው መንገድ ነው። ማለፍ የምርጫው መጨረሻ አይደለም፤ መጀመሪያው ነው። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። ስለዚህ ከብሔራዊ ፈተናው በተጨማሪ የሚጠበቁ የምዝገባ ቀኖች አሉ፤ ቀን ያለፈበት ተማሪ ነጥቡ አያድነውም። ተማሪው ሲገባም በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል የሚያገኘው ከዚያ በኋላ፣ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። «ልጄ ሐኪም ይሆናል» ብሎ የሸኘ ወላጅ ይህን ካላወቀ በሁለተኛው ዓመት ሳያስበው ያዝናል። ርቀትም አለ። ልጅን ከላምበረት መናኸሪያ አሳፍሮ ወደማያውቀው ከተማ መላክ፣ የመንገዱ ጸጥታ በሚያሰጋበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ፣ እናትን እንቅልፍ ይነሣል። «የት ድረስ ልንልክህ እንችላለን? የት አንችልም?» የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ምርጫው ከመሞላቱ በፊት ነው። ብዙ ልጆች ቅጹን የሚሞሉት ብቻቸውን ወይም ከጓደኛ ጋር፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት ወላጅ አጠገብ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ሲቀመጥ ግን እጁን ከቅጹ ላይ አንሥቶ ይሁን።

ሁለተኛው ልጁ ካላለፈ ያለው መንገድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በሚያወጣው መቁረጫ ነጥብ መሠረት ለአቅም ማሻሻያ ወይም ለሪሚዲያል ትምህርት የሚመደቡ አሉ፤ ያንን ትምህርት በአጥጋቢ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ወደ መጀመሪያው ዓመት ይገባል። በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተንም ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም አለ፤ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ስሙ ለዚህ ሰፈር ሰው እንግዳ አይደለም። እነዚህን በሮች ልጁ ከውጤቱ በፊት፣ ልቡ ሳይሰበር ሲሰማቸው አማራጭ ናቸው። ከውጤቱ በኋላ፣ በልቅሶ መካከል ሲሰማቸው ግን የቅጣት ስም ይመስሉታል። ያው በር ነው፤ የተነገረበት ጊዜ ይለየዋል።

ሦስተኛው በሁለቱም መንገድ የማይለወጠው ነገር ነው። ውጤት ዛሬ በስልክ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት። ሲነጋ ደግሞ የሰፈሩ ጥያቄ ይከተላል፤ «ስንት አመጣች?» በታክሲ ሠልፍ፣ በቡና ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ። ይህን ጥያቄ ልጅቱ ብቻዋን እንድትመልስ መተው ጭካኔ ነው። አባት ቀደም ብሎ «ልጄ፣ ምንም ይምጣ ምን፣ ለጎረቤት የምመልሰው እኔ ነኝ» ቢላት ከብዙ ምክር ይበልጥባታል። ይህ ቃል አያሰንፍም። ከዚያ በር ውስጥ ያለ ስልክ ስትገባ ይዛው የምትገባው፣ ማንም ፈታሽ የማይወስድባት ነገር ይህ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ወላጆች ላይ ብቻ ሸክም እንዳይጭን እፈራለሁ። ወላጅ ስለማያውቀው ነገር ሊነጋገር አይችልም፤ የሚያውቁት ደግሞ በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ነን። የየካ ወላጆች በዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር በየቀኑ ያልፋሉ፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ግን ልጅ ሊሸኙ ወይም ሊያስመርቁ ነው። ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ምዝገባ ሳይደርስ፣ ገና በዓመቱ አጋማሽ፣ በየወረዳው አዳራሽ ተገኝተን ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ማለፊያው ምን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሪሚዲያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለመመረቅም የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ መሆኑን እናስረዳ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደተማሩበት ትምህርት ቤት ተመልሰው ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ይናገሩ። በተለይም በሪሚዲያል በኩል የገቡት ይናገሩ፤ እነርሱ ማንም መምህር የማያስተላልፈውን ያስተላልፋሉና።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። ይህ ቃል በብዙ ቤት ልጅን ለማትጋት ይነገራል። እኔ ዛሬ ለወላጅና ለዩኒቨርሲቲ መልሼ ልናገረው እወዳለሁ። ልጁን በምርቃት ጥምጥም ከማሰባችን በፊት ወደዚያ የሚወስዱትንና የማይወስዱትን መንገዶች ሁሉ እንማር። በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ፈተናው ገና ነው። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ስልኩን አስቀምጣችሁ ንግግሩን ጀምሩት።