ስብ በደማችን ውስጥ እንዴት ይጓዛል?
በዛሪማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአጥቢያው ስለ ጤና ስንወያይ ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ «እኛ ጾመኞች ነን፣ ኮሌስትሮል የከተማ ሰው በሽታ ነው» የሚል። ቃሉ ግማሽ እውነት አለው። ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል የሚመጣው ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ በሽሮና በምስር በኩል አይገባብንም። ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀናት፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀናት ስለሚጾሙ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን፣ በተለይም ጉበታችን ነው። ጾም ከደጅ የሚገባውን ይከለክላል እንጂ በቤት የሚሠራውን አያስቆምም። ማስቆምም አይገባውም፤ ያለ ኮሌስትሮል የሕዋሳት ግድግዳ አይጸናም፣ ሐሞትም አይዘጋጅም።

ችግሩ ያለው በማጓጓዙ ላይ ነው። ዘይትና ውኃ እንደማይዋሐዱ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስብ ብቻውን በደም ውስጥ ቢለቀቅ እየተንሳፈፈ በተጠራቀመና የደም ሥርን በዘጋ ነበር። ስለዚህ ፈጣሪያችን ለስብ ማጓጓዣ አበጅቶለታል፤ ስቡና ኮሌስትሮሉ በውስጥ ሆነው በውጭ ከውኃ ጋር በሚስማማ ቅባትና በፕሮቲን የተሸፈኑ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች ናቸው። ከደባርቅ ወደዚህ በሊማሊሞ የሚወርድ ጭነት ያለ መኪናና ያለ ገመድ እንደማይደርስ ሁሉ ስብም ያለ እነዚህ አይደርስም።

የመጀመሪያው ጉዞ ከማዕድ ይነሣል። የፋሲካ ዕለት የበላነው የዶሮ ወጥ በትንሹ አንጀት ከተፈጨ በኋላ ስቡ ካይሎማይክሮን በሚባሉ ትልልቅ እንክብሎች ይጫናል። እነዚህም እንደ ስኳር በቀጥታ ወደ ጉበት አይሄዱም፤ በሊምፍ ቧንቧ ደረትን ሽቅብ ወጥተው በግራ ትከሻ አጠገብ ካለው የደም ሥር ይገባሉ። ቅባት ከበዛበት ማዕድ በኋላ ደም ቢቀዳ ፈሳሹ ወተት የመሰለ ሆኖ የሚታየው በእነርሱ ምክንያት ነው። በጡንቻና በስብ ማከማቻ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ጭነቱን የሚያራግፍ ኢንዛይም አለ፤ የተራገፈውን ቀሪ ጉበት ይሰበስበዋል።

ሁለተኛው ጉዞ ከጉበት ይነሣል። ጉበት ራሱ የሠራውን ስብ ጭኖ ይልካል፤ እንክብሉ ስቡን በመንገድ እያራገፈ ሲሄድ በመጨረሻ ኮሌስትሮል የበዛበት ኤል ዲ ኤል ሆኖ ይቀራል። ሕዋሳት ይህን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ በር ያለውም ጉበት ነው። ይህን በር ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመረመሩት በሩ በትውልድ የጎደላቸውን ሰዎች ነበር፤ ጉድለቱ የጸናባቸው ልጆች ገና በልጅነታቸው የልብ ሕመም ያገኛቸዋል። በሩ ሲያንስ ኤል ዲ ኤል ሳይራገፍ በደም ውስጥ ይዘዋወራል፣ ወደ ደም ሥር ግድግዳም ይሰርጋል፤ በዚያ ለዓመታት እየተከማቸ ያለ አንዳች ሕመም መንገዱን ያጠባል። ኤች ዲ ኤል የተባለው ሌላው እንክብል ደግሞ ትርፉን ኮሌስትሮል ወደ ጉበት ይመልሳል። ሰዎች «ክፉ ኮሌስትሮል፣ ደግ ኮሌስትሮል» ሲሉ እንሰማለን፤ ኮሌስትሮሉ ግን አንድ ነው፣ የሚለያየው የሚሸከመው ነው።

አሁን ወደ ጾም ማዕዳችን እንምጣ። በገበያ የምናገኘው የፓልም ዘይት ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ «ኮሌስትሮል የለውም» መባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ የስብ ዓይነት ነው፤ ይህም ስብ የጉበትን በሮች ያሳንሳል። ስለዚህ ኮሌስትሮል የሌለበት ዘይት የደማችንን ኮሌስትሮል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ደባርቅ በደጋው ብርድ ዘይቱ በጠዋት ረግቶ ስለሚገኝ ሰው ያውቀዋል፤ በዛሪማ ሙቀት ግን ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ በዓይን አይለይም። የገዛችሁትን ዘይት ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ጥቂት ይዞላችሁ ቢሄድ ታውቁታላችሁ። የኑግና የሱፍ ዘይት አይረጉም፣ ለደም ሥርም ይሻላሉ፤ ዋጋቸው እንደሚከብድ ግን አንክድም። አቅም ካነሰ ዘይቱን መቀነስ ይቻላል፤ በየጾሙ በዘይት የተጠበሰ ነገር ማብዛታችን ከአባቶቻችን የወረስነው አይመስለንም።

ደጋው የሚልክልን ገብስ ደግሞ መልካም ነገር አለው። በገብስ ውስጥ ያለው የሚያዝለገልግ አሰር በአንጀት ሐሞትን ይዞ ያስወጣል። ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። በሶና ቆሎ እንደ ድሃ ምግብ መቆጠራቸው ያሳዝነናል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ሳንበላ ስንቆይ ሌላ ጉዞ ይጀመራል፤ የተከማቸው ስብ ተፈትቶ አልቡሚን በሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተጭኖ ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ይሄዳል። ሌሊቱን ቆሞ የሚቀድስ ካህን የሚበረታው በዚህ ስንቅ ጭምር ነው። ጾሙ ሲፈታ ግን በአንድ ቀን ቅቤና ጥሬ ሥጋ ማብዛት ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ጊዜ ያጨናንቃል።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቶች የምናቀርበው ልመና አለ። ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚታዘዘው መድኃኒት ጉበት የሚሠራውን ይቀንሳል፤ ጉበትም ጎድሎበት ብዙ በሮች ይከፍትና ኤል ዲ ኤልን ከደም ይሰበስባል። የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ምእመናን «ጾም ላይ ነኝ» ወይም «ጠበል ጀምሬአለሁ» ብለው ያቋርጡታል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ማታ ሊወሰዱ ስለሚችሉ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጩም፤ ታማሚው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይወስን ዘንድ አባቶች ምከሩት። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በይፋ ያስተማሩትን ታስታውሳላችሁ፤ ለዚህም ያው ነው። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበትን፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በጎልማስነቱ በልብ ሕመም ያረፈበትን ሰው ደሙን እንዲያስመረምር ላኩት። ድንገት ደረቱን የሚያስጨንቀው ሰው ግን ቀጠሮ የለውም፤ ያንጊዜውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ለዝክርና ለንግሥ በዓል ዘይት ስትገዙ የትኛውን እንደምትገዙ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት፤ ውሳኔያችሁንም በሚቀጥለው የሥራ ጉብኝታችን እንሰማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።