ራፕና ሳምባ ወደ መድረካችን ሲመጡ
(ለተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በዓመቱ መጨረሻ የሙዚቃ ምሽታችን ራፕና ሳምባ ከአገራችን ዜማ ጋር ይቀላቀሉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፥ ባለፈው ስብሰባ ገሚሶቻችን «የባዕድ ነገር ነው»፥ ገሚሶቻችን «ሥልጣኔ ነው» ብለን ተለያይተናል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ሳምባ በባርነት ወደ ብራዚል የተጋዙት አፍሪካውያን ልጆች በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ያሳደጉት የከበሮ ሙዚቃ ነው፤ በልጅነቱም ፖሊስ ያሳድደው ነበር። ራፕ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ፥ በብሮንክስ ድኾች ሠፈር ተወለደ። ብራዚላዊው ማርሴሎ ዴ 2 በ2003 ሁለቱን በአንድ አልበም ሲያዋሕድ ያገናኘው ዘመዳሞችን ነው።

የእኛስ ዝምድና? ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ የሚጨፍረውን ወጣት ያየ ያውቀዋል፤ አንዱ ያወርዳል፥ ሌላው ይቀበላል፥ እግርና ዱላ ምቱን ይጠብቃሉ። አዝማሪ ቤትም ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ወዲያው ያዜመዋል፥ አንዳንዴም ከራሱ ጨምሮ ስንኝ ሰጪውን በሰምና ወርቅ ይሸነቁጠዋል። የብሮንክስ ልጅ ይህን ቢያይ አስተርጓሚ የሚፈልግ አይመስለኝም።

መንገዱን ያሳየን ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን ሥራ ሲያወጣ የእኛን ቅኝት ከላቲን አሜሪካ ከበሮ ጋር አጋጠመ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የቆሙት በአምስት አምስት ድምፅ ነውና፥ የጃዝ ድርብርብ ድምፅ ያለ ጥንቃቄ ቢጫንባቸው መልካቸው ይጠፋል። ይህን ጠንቅቆ በመሥራቱ፥ በ2010 አሜሪካዊው ናስና ጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ» ከተባለው ሥራው ቆርጠው ለራፓቸው መነሻ አደረጉት። እንግዲህ ከእኛም የሚበደር አለ።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን ልመለስ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ባለማሲንቆው ይቅርና ድምፁ ከኮምፒዩተር ይሰማ ተብሏል። ይህን እቃወማለሁ። የተቀዳ ድምፅ «ተቀበል!» ቢሉት አይቀበልም! ከእንጦጦ ሥር ተቀምጠን ማሲንቆን በሽቦ ማስመጣትም ያሳፍራል። ባለማሲንቆው ከፊት ይቁም፤ የሚከፈለውም ከራፕ ተጫዋቹ እኩል ይሁን። ከበሮውን የሠፈሩ ልጆች ይምቱ፥ ሳምባውም በእነርሱ ምት ላይ ይግባ። ገንዘቡ ካነሰ የመድረኩ ጌጥ ይቀነስ፤ አበባ የለም ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ታዳሚ አላየሁም።

ሊቀ መንበሩ ከፈቀዱ፥ ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።